የጓሮ ደስታና የባልንጀራ ኀዘን

የተከፋ ጎረቤት ባለበት ከተማ በጓሮ አትክልት መደሰት ይገባልን? ጥያቄው ለጊዜው ቀላል ይመስላል። በጎመን መደብና በቡና አበባ መደሰት ማንን ይጎዳል? ከየት የመጣ ኃጢአት ነው? የሚል ይኖራል። ነገር ግን እኛ ወጣቶች ደስታችንን ሁሉ፣ ትንሹንም ሳይቀር፣ በእግዚአብሔር ፊት እንድንመረምረው ስለተማርን፣ ይህንንም ሳንመረምር ልናልፈው አይገባንም። ወቅቱም ወቅቱ ነውና ዛሬ በዚህ ላይ ጥቂት እንበል።

በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አከፋፈል ዘመነ ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ቀን ሲሆን የሚያበቃው ሰኔ 25 ቀን ነው። ብዙ ሰው ጸደይ ሲባል የመስከረም አደይ አበባ ትዝ ይለዋል፤ በአባቶቻችን አቆጣጠር ግን ጸደይ የበጋው ድርቀት አልፎ ምድር ለዘር የምትሰናዳበት ጊዜ ነው። በዓለ ትንሣኤም ከመጋቢት 26 ቀን አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30 ቀንም አያልፍም። እንግዲህ ትንሣኤ ምን ጊዜም የሚውለው በጸደይ ውስጥ ነው ማለት ነው። መግደላዊት ማርያም በመቃብሩ አጠገብ የተነሣውን ጌታ ባየች ጊዜ የአትክልት ጠባቂ መስሏት እንደ ነበረ በወንጌለ ዮሐንስ ተጽፏል። ዶማ የያዘ ሰው ይህን ሲያነብ ልቡ ደስ ሳይለው አይቀርም።

የእኛ ከተማ ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ናት። ዝናቧ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ስለሆነ፣ መጋቢት አልቆ ሚያዝያ ሲገባ የመጀመሪያው ዝናብ ወርዶ ምድሪቱን ያለሰልሳታል። በባኬ ጃማም ሆነ በሌላው ሰፈር ያለ ሰው በዚያ ሰሞን ጓሮውን ሳያይ አይውልም። ከቀበሌዎቻችን አንዱ በከኒሳ ቀሴ መባሉ ራሱ ብዙ ይናገራል፤ በከኒሳ በኦሮምኛ ብሳና ነውና ሰፈሩ በዛፍ ስም ይጠራል ማለት ነው። ከተማችን ከተማ ብትሆንም ዛፍንና አፈርን አልረሳችም። በሌሎቹም የወለጋ ከተሞች፣ በጊምቢም በደምቢ ዶሎም፣ ከብዙ ቤት ጓሮ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ዱባ፣ ጤና አዳም፣ ጥቂት እግር ቡናና አንድ ሁለት የሙዝ ተክል አይጠፋም።

የዚህ ሥራ ደስታ ምን ዓይነት ደስታ ነው? በመጀመሪያ ጩኸት የሌለበት ደስታ ነው። ማንም አያጨበጭብለትም። የጎመን ዘር አፈሩን ገፍቶ ሁለት ቅጠል ብቅ ባደረገ ጊዜ የሚያየው የዘራው ሰው ብቻ ነው። ሁለተኛም አዝዘን የማናመጣው ደስታ ነው። የቡና ዛፍ እምቡጡን ይዞ በጋውን ሙሉ ይጠብቃል፤ ጥሩ ዝናብ ካገኘ በኋላ በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ያህል ውስጥ በአንድ ጊዜ ነጭ ሆኖ ያብባል፣ ሽታውም ግቢውን ይሞላዋል፤ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶም ይረግፋል። ለዝናቡ አላዘዝንም፣ ለአበባውም አላዘዝንም። የእኛ ድርሻ መኮትኮት፣ ፍግ ማልበስና መጠበቅ ብቻ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የሚተክለውንና የሚያጠጣውን ለይቶ፣ የማሳደጉን ሥራ ግን ለእግዚአብሔር መስጠቱን እናስታውሳለን።

ሦስተኛም ትዕግሥትን የሚጠይቅ ደስታ ነው። ስለዚህ አንጮቴን ያህል ጥሩ መምህር የለንም። አንጮቴ የወለጋ ጓሮ ልጅ ነው። በዝናቡ መባቻ ይተከላል፣ ፍግ ይወዳል፣ ሐረጉ በአጥር ላይ ወይም በመሬት ላይ ይሳባል፤ የሚበላው ሥሩ ግን ከአፈር በታች ተሰውሮ ወራትን ይቆያል። ለመስቀል ከነልጣጩ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ በቅቤ ሲቀርብ የበዓል ምግብ ነው፤ አራስ የወለደች እናት እንድትጠነክርበት፣ አጥንቱ የተሰበረም ሰው እንዲጠገንበት ይሰጣል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ግን ሌላ ነገር ነው። ሁሉም ሥር አይነቀልም። ጥቂቱ ለዘር ተብሎ በመሬት ውስጥ ይተዋል፣ ለዓመታትም ዘር የሚሰጥ እርሱ ነው። አንጮቴ የሚተክል ሰው ሊበላው የሚችለውን ሳይበላ መተው አለበት። እንዲህ ካላደረገ ለከርሞ የሚዘራው የለውም።

እስከዚህ ድረስ ያልነው ሁሉ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ክርክሩ ከዚህ ይጀምራል። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ከካማሺና ከአካባቢው የተፈናቀሉ ብዙ ሺህ ወገኖች ወደ ምሥራቅ ወለጋ መጥተው ነበር፤ ብዙዎቹም በነቀምቴ ተጠልለዋል። ከዚያም ወዲህ በነበሩት ዓመታት በወለጋ ገጠሮች በደረሰው ግጭት ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው ወጥቷል። ከእነዚህ ወገኖች የሚበዙት ገበሬዎች ናቸው። ገበሬ ደግሞ የዝናብን ድምፅ ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። እኛ የመጀመሪያውን ዝናብ ሰምተን ደስ ሲለን፣ እርሻው ከሩቅ የቀረበት ሰው ያንኑ ዝናብ ሰምቶ ያዝናል። ዝናቡ አንድ ነው፤ በአንዱ ጣራ ሥር ምስጋና፣ በሌላው ጣራ ሥር እንባ ይሆናል። እንግዲህ የእኛ የጓሮ ደስታ ዓይንን ጨፍኖ መኖር አይደለምን? የሚል ሰው ቢነሣ ጥያቄው የከንቱ ጥያቄ አይደለም።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት የተሳሳቱ መልሶች አሉ። አንደኛው፦ የሌላው ኀዘን የእኔ ጉዳይ አይደለም፣ ጓሮዬ ለእኔ ይበቃኛል የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፦ ሌላው እያዘነ መደሰት ነውር ነው፣ ስለዚህ ደስታን ሁሉ ልንተው ይገባናል የሚለው ነው። ሁለተኛው ከፊተኛው ይልቅ መንፈሳዊ ይመስላል። ነገር ግን ጎመኑ ሳይኮተኮት ቢደርቅ ከተራቡት ማን ይጠግባል? ደስታ የሌለበት እጅም ቶሎ ይደክማል። በዶማው ደስ የማይለው ሰው ዶማውን ይጥለዋል፤ ከባዶ መደብም ለማንም የሚሰጥ አይገኝም።

ሦስተኛውን መንገድ ለማግኘት ቅዱሳት መጻሕፍትን እንመልከት። በመጽሐፈ ነገሥት የናቡቴ ታሪክ አለ። ንጉሡ አክዓብ በቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያለውን የናቡቴን የወይን ቦታ የፈለገው ለምን ነበር? የአትክልት ቦታ ሊያደርገው ነው! ምኞቱ በራሱ ክፉ አልነበረም፤ በቤቱ አጠገብ አትክልት እንዲኖረው መመኘት ምን ነውር አለው? ጥፋቱ ደስታውን ከባልንጀራው በላይ ማድረጉ ነው። ናቡቴ የአባቶቹን ርስት አልለቅም ባለ ጊዜ ንጉሡ አኰረፈ፣ ኤልዛቤልም የናቡቴን ደም አስፈሰሰች። ስለዚህ በአትክልት የሚደሰት ሁሉ ንጹሕ ነው ልንል አንችልም። የማግኘት ደስታ አለ፤ የመንከባከብ ደስታም አለ። ፊተኛው "የእኔ ይሁን" ይላል፤ ሁለተኛው "ይብቀል፣ ይደግ" ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ወንድም፦ መሬቱ የእኛ ካልሆነ ስለ ምን እንለፋለን? ሊለን ይችላል። በእውነት በሕግም ቢሆን የከተማ መሬት የግል ንብረት መሆኑ ከቀረ ብዙ ዘመን ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 መሬቱን የመንግሥት አድርጎ፣ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ ፈቅዶ ነበር። ዛሬም የከተማ ቦታ የሚያዝ በሊዝ እንጂ በሽያጭ አይደለም፤ ከወጣቶቻችንም ብዙዎቹ የምንኖረው በኪራይ ቤት ነው። ነገር ግን ከአዋጁ ሁሉ አስቀድሞ በኦሪት ዘሌዋውያን ምድር የእግዚአብሔር እንደ ሆነች፣ እኛም በእርሷ ላይ እንግዶች እንደ ሆንን ተነግሯል። አዳምም በኤደን ገነት የተቀመጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት እንጂ ሊሸጣት አልነበረም። እንግዲህ በተከራየው ግቢ ማንጎ የሚተክል ሰው ሞኝ አይደለም። ፍሬውን ሌላ ተከራይ ቢበላውም የመትከሉን ደስታ ማንም አይወስድበትም።

የነቢዩ ዮናስ ታሪክ ደግሞ ጥያቄያችንን በቀጥታ ይመልሳል። ዮናስ ከነነዌ ውጭ ተቀምጦ ሳለ ቅሉ በራሱ ላይ ጥላ ሆነለት፣ እጅግም ደስ አለው። በማግሥቱ ትል ቅሉን መታው፣ ቅሉም ደረቀ፣ ዮናስም እስከ ሞት ድረስ ተቈጣ። እግዚአብሔርም ላልደከመበት ቅል ያዘነውን ዮናስን፣ ከ120,000 በላይ ሰዎችና ብዙ እንስሶች ስላሉባት ከተማ ጠየቀው። እዚህ ላይ ልብ እንበል፦ እግዚአብሔር ዮናስን በቅሉ ስለ ተደሰተ አልገሠጸውም። ቅሉን ያበቀለው ራሱ ነበርና። የገሠጸው ደስታውም ኀዘኑም በቅሉ ላይ ቆሞ ስለ ቀረ፣ ወደ ከተማይቱ ስላልተሻገረ ነው።

መልሳችን እነሆ ከዚህ ይወጣል። የጓሮ ደስታ የሚፈረድበት በመጠኑ አይደለም፤ በሚያደርሰው ቦታ ነው። አንድ ችግኝ ትል ቢቆርጠው የሚያዝን ልብ፣ ከሥሩ ስለ ተነቀለ ሰው ማዘንን ከዚያ ሊማር ይገባዋል። ጎመኑ በክሽክሽ ሲመታ አመድ የሚነሰንስ፣ ምስጥ ሥሩን እንዳይበላው የሚጠብቅ እጅ፣ ወንድሙን መጠበቅን ሊያውቅ ይገባዋል። ካልተማረ ጓሮው የዮናስ ቅል ሆኖበታል። ከተማረ ግን ደስታው ለባልንጀራው ኀዘን መግቢያ በር እንጂ መጋረጃ አይሆንም።

አባ እንጦንስ በበረሃ ሳሉ ይህን በሥራ አሳይተውናል። ቅዱስ አትናቴዎስ በጻፈው ገድላቸው እንደሚነገረው፣ ሰዎች እንጀራ ተሸክመው ወደ እርሳቸው በመምጣት እንዳይደክሙ ብለው ትንሽ መሬት ቆፍረው እህል ዘሩ። ኋላም ወደ እርሳቸው የሚመጡት ሰዎች ከጉዞው ድካም ጥቂት ይበረቱ ዘንድ አትክልት ተከሉ። ዓለምን የናቁት መናኝ ጓሮን አልናቁም፤ የጓሮአቸውም ፍሬ የእንግዳው ነበረ።

ነቢዩ ኤርምያስም ወደ ባቢሎን ለተማረኩት ወገኖች በላከው ደብዳቤ ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት ተክለው ፍሬውን እንዲበሉ፣ ላሉባትም ከተማ ሰላምን እንዲሹ ነግሯቸዋል። መትከልና የከተማይቱን ሰላም መሻት በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ጎን ለጎን መምጣታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ደግሞም ደብዳቤው የተጻፈው በርስታቸው ለተቀመጡ ሳይሆን ከአገራቸው ለተነቀሉ ሰዎች መሆኑን እናስተውል። ተፈናቃዩ የሚመጸወት ብቻ አይደለም፤ መትከልም ይችላል፣ ቦታ ካገኘ።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ በዚህ ጸደይ ምን እናድርግ? ከየጓሮአችን አንድ መደብ ለይተን፣ እርሻ ለሌለው ጎረቤታችን እንስጠው። ጎመኑን ቀጥፎ መስጠት መልካም ነው፤ ከዚያ የሚበልጠው ግን እርሱ ራሱ ዘርቶ የሚጠብቀውን አፈር መስጠት ነው። ዘር የተረፈን ዘር እናካፍል፣ ዶማ ያለን ዶማ እናውስ። ይልቁንም አረምን እንዴት እንደሚያርሙ፣ ፍግ መቼ እንደሚለብስ የገጠሩን ሰው እንጠይቀው፤ እርሱ ከእኛ ይልቅ ያውቃልና መምህራችን ይሆናል። በመጠለያ ወረፋ የቆመ ሰው ስለ አፈር ሲጠየቅ እንደ ገና ገበሬ ይሆናል፤ ይህም ከእህል የማይተናነስ ስጦታ ነው።

እንዲህ ያደረግን እንደ ሆነ የመጀመሪያው ዝናብ በወረደ ጊዜ ያለ ኀፍረት ደስ ሊለን ይችላል። ከአንጮቴው ሁሉ ጥቂቱ ለዘር እንደሚተው፣ ከደስታችንም ለባልንጀራችን የሚተው ድርሻ ይኑር። እርሱ ካለ ለከርሞም እንዘራለን።

ዘመነ ጸደዩን የሰላም፣ ዘሩን የበረከት ያድርግልን፤ ከቀዬአቸው የወጡትንም ወደየእርሻቸው ይመልስልን። አሜን።