የወደቀው ችንካር ጥፋቱ የማን ነው?

ጂፕሰም ቦርድ ላይ የተሰቀለ መስታወት ወድቆ ሲሰበር መጀመሪያ የሚረገመው ፊሸሩ ነው። ቀዳዳውን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ፊሸሩን ደህና ሆኖ ያገኘዋል፤ ወረቀቱን ቀዶ፣ ነጭ ዱቄት ተለቅልቆ፣ ብሎኑን እንደያዘ ነው የወጣው። ፊሸር የሚይዘው ብሎኑ ሲገባበት አብጦ ዙሪያውን በመግፋት ነው፤ ግንብ ሲገፉት ይመክታል፣ ጂፕሰም ሲገፉት ይፈረፈራል። በአሜሪካ ቤቶች የተለመደው ቦርድ ደግሞ ውፍረቱ ግማሽ ኢንች፣ 12.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከጀርባው ክፍት። «ፊሸሩ ከዳኝ» የሚለው ሰው እንግዲህ ያቆመው የተሳሳተ ተከሳሽ ነው። በሰው ላይ የጣልነው እምነት ሲወድቅም የምንከሰው የወደቀውን ብቻ ነው፤ የሰቀለው እጅ ችሎት አይቀርብም። መቅረብ አለበት ባይ ነኝ።

ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 22 ለዚህ ክርክር ጥሩ መነሻ ይሆናል። በንጉሥ ሕዝቅያስ ዘመን የቤተ መንግሥቱ አዛዥ ሳምናስ በከፍታ ላይ ለራሱ መቃብር ከዐለት ያስፈለፍላል፤ ነቢዩም ሹመቱ እንደሚገፈፍና በቦታው የኬልቅያስ ልጅ ኤልያቄም እንደሚሾም ይነግረዋል። ኤልያቄም በታመነ ስፍራ እንደሚተከል ችንካር ይሆናል። ቀጥሎ ግን የአባቱ ቤት በሙሉ፣ ልጅ የልጅ ልጁ፣ ከጽዋ እስከ ማድጋ ዕቃው ሁሉ ይንጠለጠልበታል፤ ችንካሩም ይነቀላል፣ የተንጠለጠለበት ሁሉ አብሮት ይወድቃል። እግዚአብሔር የተከለው እንዴት ይወድቃል ብለው፣ የሚወድቀው ሳምናስ ነው የሚሉ ተርጓሚዎች አሉ። እኔ ኤልያቄም ነው ከሚሉት ጋር ነኝ፤ ዕቃው የተሰቀለው በእሱ ላይ ነዋ! ሰረቀ ወይም ጣዖት አመለከ የሚል ቃል በምዕራፉ የለም። ስፍራው የታመነ ነበር፣ ተካዩም አልተሳሳተም። በመተከሉና በመውደቁ መካከል የተጻፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘመድ ሁሉ ያለውን ይዞ መጥቶ መስቀሉ። ሹመት ያገኘ ሰው ዘመዱ እንዴት እንደሚበዛ ለሚያውቅ አንባቢ ማብራሪያ አያሻም።

ስለዚህ «ይታመናል ወይስ አይታመንም?» ጎዶሎ ጥያቄ ነው፤ ምን ያህል፣ ወደየት የሚጎትት ሸክም የሚለው ይቀረዋል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ሥዕል ፊሸሩን ወደ ታች ይጎትተዋል። ያንኑ የሚመዝኑ መጻሕፍት ወደ ፊት በወጣ መደርደሪያ ላይ ሲደረደሩ ግን ከቀዳዳው ወደ ውጭ ይነቅሉታል። ክብደቱ ያው ነው፣ የተለወጠው አቅጣጫው ነው። ስብከቱ የተወደደለትን አገልጋይ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ፣ የባልና ሚስት ዳኛ፣ የሕንፃ ሥራው ተቆጣጣሪ ስናደርገውም በአንድ በኩል የተፈተነውን ታማኝነት ባልተፈተነ በኩል መጫናችን ነው። ገንዘቡ ቢጎድል ኃጢአቱ የእሱ ነው፤ ሰው ፊሸር አይደለም፣ ይመርጣል። ግን ያለ ደረሰኝና ያለ ኦዲተር ያስረከቡትም «ተከዳን» ብለው ብቻ እጃቸውን መታጠብ አይችሉም።

«ታዲያ በሰው ጨርሶ አለመታመን ነዋ፤ መዝሙረኛውስ በአለቆች እንዳንታመን አስጠንቅቆ የለም?» የሚል ይኖራል። በሰው መታመን ጨርሶ የተከለከለ ቢሆን ኖሮ ኤልያቄም ባልተተከለ ነበር። ጠንከር ያለው ተቃውሞ መፈተሽ ራሱ አለማመን ነው የሚለው ነው። ባለሙያ ቦርዱን በጣቱ ያንኳኳል፤ ባዶው ያስተጋባል፣ ቋሚ እንጨት ያለበት ድምፁ ይታፈናል፤ ቋሚዎቹም አብዛኛውን ጊዜ 16 ኢንች፣ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ተራርቀው ነው የሚቆሙት። ይህን ማንም ቤቱን መናቅ አይለውም። ጌዴዎን የበግ ጠጉሩን አውድማ ላይ አስቀምጦ አንዴ እርጥብ፣ አንዴ ደረቅ ሆኖ እንዲያገኘው ሲለምን አልተቀጣም፤ የዮሐንስ የመጀመሪያ መልእክትም መናፍስትን መመርመር ያዝዛል። ኢየሱስ በተፈተነበት በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ እግዚአብሔርን መፈታተን ተብሎ የተወገዘው እግዚአብሔር ሳያዝ ራስን ወርውሮ «ያዘኝ» ማለት ነበር፤ ያ ደግሞ ሳያንኳኩ መስቀልን እንጂ ማንኳኳትን አይመስልም።

ሰው እንደ ጂፕሰም አይደለም፣ ሸክም ያጠነክረዋል የሚለው ሦስተኛው ተቃውሞ እውነት አለው፤ ኃላፊነት ያልተሰጠው ሰው መቼ ይበስላል? ነገር ግን በሸክም በመጠንከር ሙሴን የሚያህል ከወዴት ይመጣል? እሱንም እንኳ አማቱ ዮቶር ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ለሕዝቡ ሲፈርድ አይቶ፣ እንዲህ ከቀጠለ ራሱም ሕዝቡም እንደሚዝሉ ነገረው። የሺህ፣ የመቶ፣ የኀምሳና የአሥር አለቆችም ተሾሙ። ከቦርዱ ጀርባ ክንፉን ዘርግቶ ሸክሙን ሰፋ ላለ ቦታ የሚያካፍለው ብሎን የሚሠራው ይህንኑ ነው። ሙሴም በዚህ ክብሩ አልጎደለበትም፤ አለቆቹ ቀላል ቀላሉን ሲፈርዱ፣ የከበደው ነገር አሁንም ወደ እሱ ይመጣ ነበር።