ዝምታዬ አደብ አልነበረም



አብዛኞቻችን ያደግነው "ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም በል" እየተባልን ነው። እንግዳ ሲመጣ ሻይ አቅርበን፣ አንገታችንን ደፍተን እንወጣለን። ይህ አደብ መልካም ነው፤ እኔም ልጆቼን አስተምራቸዋለሁ። ችግሩ ሳንመረምረው ይዘነው ቢሮ ስንገባ ነው።

ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ አፈር እንዳይናድ ለሚደግፍ ግንብ የተሠራ ስሌት እንዳይ ተሰጠኝ። የከርሰ ምድር ውሃው ከፍታ የተወሰደው በደረቅ ወቅት ከተደረገ ልኬት ነበር። ዝናብ መጥቶ ውሃው ከፍ ሲል ግንቡን የሚገፋው ኃይል በጣም ይጨምራል። አየሁት። ስሌቱን የሠራው ግን በዕድሜ ሃያ ዓመት የሚበልጠኝ ሰው ነው። በስብሰባው ላይ ጥቁርም ሙስሊምም እኔ ብቻ ነበርኩ። "ብሳሳትስ?" ብዬ ዝም አልኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ባልደረባ ስህተቱን አገኘው። አለቃዬ ወደ እኔ ዞሮ "አንተ አላየኸውም ነበር?" አለኝ። "አላየሁትም" አልኩት። ትሕትና ነው ብዬ የጀመርኩት ነገር ውሸት ላይ ጣለኝ።

ያን ቀን ከዒሻ ሶላት በኋላ ቁጭ ብዬ በዚያ ግንብ ሥር የሚያልፉትን ሰዎች አሰብኩ። ደህንነታቸው እጄ ላይ ያለ አማና ነበር። እኔ የጠበቅኩት ግን የራሴን ክብር ነው።

አደብና መናገር ይጋጫሉ እንዴ? በሲራ መጻሕፍት የተዘገበውን የሑባብ ኢብኑል ሙንዚርን (ረ.ዐ.) ታሪክ አስታውሱ። በ2ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ በበድር፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጦሩን ያሰፈሩበት ቦታ አልታየውም። በተቃውሞ ግን አልጀመረም። ቦታው አላህ ያዘዘው ነው ወይስ የጦርነት ስልት ብሎ አስቀድሞ ጠየቀ። ስልት መሆኑን ሲያውቅ፣ ለጠላት ወደሚቀርበው የውሃ ጉድጓድ መጠጋትና ሌሎቹን መድፈን እንደሚሻል ተናገረ። ነቢዩም ሐሳቡን ተቀበሉት። እኔ ዛሬ ቢሮ ውስጥ የምጠቀመው ይህንኑ መንገድ ነው፦ "ይህ ያለቀ ውሳኔ ነው ወይስ ልንነጋገርበት እንችላለን?"

ሁልጊዜ ሰሚ ታገኛላችሁ አልልም። ጃንዋሪ 27 ቀን 1986 ማታ፣ የቻሌንጀር የጠፈር መንኮራኩርን ሮኬቶች የሠሩ መሐንዲሶች፣ ከነሱም አንዱ ሮጀር ቦይዝሊ፣ ብርዱ የጎማ ማሸጊያዎቹን ያደነድናቸዋልና እንዳትነሣ ብለው ተከራከሩ። አለቆቻቸው ሐሳባቸውን ሻሩት። በማግስቱ መንኮራኩሯ በተነሣች በ73 ሰከንድ ተበታተነች፤ 7ቱም ጠፈርተኞች ሞቱ። መናገራቸው አደጋውን አላስቀረም። ሆኖም እነሱ ከዚያ ሌሊት ይዘው የወጡት ሐዘን ነው፣ እኔ ከዚያ ስብሰባ ይዤ የወጣሁት ሐፍረት።

"ሪዝቅ በአለቃ እጅ አይደለም" ማለት ቀላል ነው። የቤት ኪራይ ላለበት ሰው ፍርሃቱ እውነተኛ ነውና አልንቀውም። እኔም ተመልሼ እውነቱን ለአለቃዬ ለመናገር ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብኛል። "አይቼው ነበር፤ ፈርቼ ነው" አልኩት። ደስ አላለውም። ለወራት ያህል እኔ ያየሁትን ስሌት ሁሉ ሌላ ሰው ደግሞ እንዲያየው ያደርግ ነበር። አልፈረድኩበትም።