መጥረቢያው ወይስ በሬው?

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 ላይ አንድ እንጨት ቆራጭ አለ። ከባልንጀራው ጋር ዱር ገብቶ መጥረቢያውን ሲያነሣ ብረቱ ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ይመታዋል፤ ሰውየውም ይሞታል። በመካከላቸው ቂም አልነበረም፤ ያሰበውም ነገር የለም። ሕጉ ነፍሰ ገዳይ ነህ አይለውም፤ ወደ ቤትህ ግባ ብሎም አያሰናብተውም። ከመማጸኛ ከተሞች ወደ አንዱ ይሸሻል፤ ዘኍልቍ 35 ላይ እንደተደነገገውም ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት እዚያው ይቀመጣል።

ዘጸአት 21 ላይ ደግሞ በሬ አለ። በሬው ሰው ወግቶ ቢገድል ይወገራል፤ ባለቤቱ ግን ንጹሕ ነው። በሬው ተዋጊ መሆኑ አስቀድሞ ታውቆ፣ ለባለቤቱም ተነግሮት፣ ሳይጠብቀው ቀርቶ ከሆነ ግን ፍርዱ ሌላ ነው። ባለቤቱም ከበሬው ጋር በሞት ይጠየቃል።

እኔ አዲስ አበባ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የምኖር፣ በሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ልጆቼን ያሳደግሁ ሰው ነኝ። በልጅነቴ ድቁና ተቀብዬ ስለነበር ሁለቱን ምዕራፎች ከመንጃ ፈቃዴ በፊት ነው የማውቃቸው። መሪ ከጨበጥሁ ወዲህ ግን አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ያረጀ መኪና የትኛው ነው? መጥረቢያው ነው ወይስ በሬው?

ይህን ጥያቄ ለሥራ ባልደረቦቼ ሳነሣ የማገኘው መልስ አንድ ዓይነት ነው፦ «ቦሎ አለህ አይደል? ታዲያ ምን ያሳስብሃል?» አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ በየዓመቱ እንዲመረመር ያዝዛል። ያለፈ ቦሎውን መስታወቱ ላይ ይለጥፋል፤ የወደቀ አስጠግኖ ይመለሳል። እኔም በየዓመቱ ወረፋ ይዤ አስመረምራለሁ፤ ምርመራው እንዲቀር የምፈልግ ሰው አይደለሁም።

ጉቦ ተቀብሎ ስለሚያሳልፍ መርማሪ መጻፍ ቀላል ነው፤ ኃጢአቱ የታወቀ ነውና። እኔን የሚያሳስበኝ ሐቀኛው ምርመራ ነው። መርማሪው እውነተኛ፣ መሣሪያውም ያልተበላሸ ነው እንበል። ጎማዎቹ ሮለሩ ላይ ይወጣሉ፤ የግራና የቀኝ ፍሬን ጉልበት ይለካል። መብራቱ፣ ጭሱ፣ መሪው፣ የዘይት ፍሳሹ ይታያል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን መኪናው ባዶውን ሆኖ፣ ፍሬኑ ሳይግል፣ ሜዳ ላይ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሚሆነው እንጦጦ ሰው ጭኖ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርድ የሚሆነውን ሮለሩ አያይም። ቁልቁለት ላይ የፍሬኑ ታምቡር ሲግል ይሰፋል፤ ፔዳሉም ወደ ታች ይርቃል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት እየሳበ ይቆይና ሲግል ይፈላል። የፍሬን ጎማ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ሊያብጥ ይችላል።

በላዳ ላይ ይህ ሁሉ ይብሳል። የሶቪየት መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣውን ፊያት 124 ወስደው ለራሳቸው መንገድ አበጁት፤ ላሜራውን አወፈሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጉት፣ የኋላውን ዲስክ ፍሬን አውጥተው በታምቡር ተኩት። ቶሊያቲ ላይ እ.ኤ.አ. በ1970 መመረት የጀመረው ይህ መኪና በደርግ ጊዜ ወደ እኛ መጣ። ያኔ የገባው ዛሬ ዕድሜው ከ30 ዓመት በላይ ነው። ለብቻው የቆመ ሻንሲ ስለሌለው ሸክሙን የሚችለው አካሉ ራሱ ነው። ወለሉ ሲዝግ የዛገው ተሸካሚው ነው ማለት ነው፤ ዝገቱ ላይ ስቱኮ ተለጥፎ ቀለም ከተቀባ ደግሞ ማን ያየዋል? ቢሆንም ላዳን እወደዋለሁ። ኮፈኑን ከፍቶ ሁሉን በዓይን ማየት፣ በእጅም መንካት ይቻላል። ሹፌሩ ሊያውቀው ከፈለገ የሚታወቅ መኪና ነው።

አንድ የሰፈራችን ወጣት ሹፌር ማታ ቤቴ መጣ። «ጋሼ፣ ለነገ ጠዋት ብቻ ጎማዎችዎን ያውሱኝ። ምርመራውን እንዳለፍኩ ራሴ ፈትቼ አመጣልዎታለሁ» አለኝ። ከዚያ በኋላ በምን እንደሚነዳ ጠየቅሁት። በራሱ ጎማ፣ ጥርሱ ባለቀው። አላዋስኩትም። ልጁ ክፉ አይደለም፤ መኪናው የሰው ነው፣ ለባለቤቱ በየቀኑ ገቢ ያደርጋል፣ የሚያሳድጋቸው ልጆች አሉት። ሲወጣ ግን በሩ ላይ ቆሞ እንዲህ አለኝ፦ «ወረቀቱ ካለኝ እኮ ጋሼ፣ የሚመጣው ነገር የእኔ ጥፋት አይሆንም።»

ይህንን ነው ዝም ብዬ ማሳለፍ የማልችለው። ኦሪት የበሬውን ባለቤት የጠየቀችው ስላወቀ ነው። ያረጀ መኪናን ደግሞ ከሹፌሩ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ጠዋት ፍሬን ሲረግጥ እግሩ ይነግረዋል፣ መሪው ወደ አንድ ወገን ሲስብ እጁ ይነግረዋል። መርማሪው መኪናውን በዓመት አንድ ቀን ያየዋል፤ ሹፌሩ ዓመቱን ሙሉ አብሮት ይውላል። በእኔ አስተያየት ያረጀ መኪና በሬ የሚሆነው ጉዳቱን በነገረህ ቀን ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ወደ መማጸኛው ከተማ የሚያስገባ መንገድ የለም፣ ቦሎው ቢለጠፍም። አውቆ አለመመርመርም ከዚሁ ይቆጠራል። ያ እንጨት ቆራጭ ብረቱ ሲወዛወዝ ትናንት አይቶ ቢሆን ኖሮ ኦሪት ያንኑ ፍርድ የምትሰጠው አይመስለኝም።

ሌላው ማምለጫ ደግሞ ሃይማኖት የለበሰ ነው። ብዙዎቻችን የእመቤታችንን ሥዕል ከፊታችን ሰቅለን እንነዳለን፤ መኪናችንን ጠበል እናስረጫለን። እኔም አደርገዋለሁ፣ አምንበታለሁም። ነገር ግን ጌታችን በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ ቆሞ ራሱን እንዲወረውር፣ መላእክትም እንደሚይዙት ሲነገረው እምቢ ያለው የአባቱን ጥበቃ ተጠራጥሮ አልነበረም፤ እግዚአብሔርን መፈታተን ስለሆነ ነው። ባለቀ የፍሬን ሸራ አማትቦ ቁልቁለት መውረድ ከዚያ በምን ይለያል? ሙስሊም ወዳጆቼም ነቢያቸው ግመሉን ሳያስር በአላህ ለመመካት ያሰበውን ሰው አስቀድሞ እንዲያስራት እንዳዘዙት ይነግሩኛል።

ሰፈራችን ለልደታ ፍርድ ቤት ቅርብ ስለሆነ ሕግ የሚያውቅ ሰው አናጣም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንስሳን በአንቀጽ 2071፣ ሕንፃን በ2077፣ ተሽከርካሪን በ2081 በተከታታይ ማስቀመጡን ያሳየኝ አንድ ጠበቃ ደንበኛዬ ነው። ደነቀኝ። ዘጸአት በሬውን፣ ዘዳግም 22 ሰው እንዳይወድቅ መከታ ሊሠራለት የሚገባውን የቤት ጣሪያ፣ ምዕራፍ 19 መጥረቢያውን ያነሣሉ፤ የእኛም ሕግ በዚያው መንገድ ሄዷል። የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ጥፋት እንዳልሠራ ወይም የጉዳቱ ምክንያት እንዳልታወቀ በማስረዳት ብቻ አያመልጥም፤ አንቀጽ 2086 ይህን ይዘጋል። አንዳንዱ ሹፌር ጭካኔ ነው ይላል። እኔ ትክክል ነው እላለሁ። በአዲስ አበባ መንገዶች በመኪና ከሚሞቱት የሚበዙት እግረኞች ናቸው። ዳር ቆማ ለመሻገር የምትጠብቅ እናት ምርመራው ላይ አልነበረችም፤ ወረቀቱንም አላየችውም።

ድህነቱን ግን መካድ አልችልም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰቀለው፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ለአየሩም ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሬም የታሰበ መሆኑን እረዳለሁ። ላዳውን መለወጥ የማይችለው ሹፌር ግን ያንኑ አሮጌ መኪና ይዞ ይቀጥላል። ለእሱ «ጎማ ግዛ» ብሎ መምከር ብቻውን ምን ይጠቅመዋል? እዚያው ዘዳግም 19 መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ትእዛዝ አለ። ወደ መማጸኛው ከተማ የሚወስደውን መንገድ እንዲያዘጋጅ የታዘዘው ሕዝቡ ነው። ሸሺው ራሱ መንገድ እየጠረገ እንዲሮጥ አልተተወም።

ስለዚህ በሚመጣው እሑድ ለሹፌሮች ዕቁባችን ሰብሳቢ የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። የመጀመሪያው ዕጣ ምርመራ ለወደቀበት ይሁን፤ በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በጎማና በፍሬን ሸራ ይሰጠው፤ ሥራውንም ከመካከላችን ሁለት ሰው ቆሞ ይየው። መኪናው የሌላ ሰው ከሆነ ባለቤቱ ግማሹን እንዲከፍል እንጠይቀው፤ እምቢ ያለ ባለቤት መኪና ላይ ማናችንም አንቀመጥ። ያ ወጣት የዕቁቡ አባል አይደለም። ዋስ ሆኜ አስገባዋለሁ።