ላኪው ያልታወቀ ማር

ሐሙስ ሐሙስ ፍየል እየነዳች ደቡብ ኦሞ ውስጥ ቀይ አፈር ገበያ የምትወርድ አንዲት ባሏ የሞተባት የባና ሴት ነበረች እንበል። አንድ ቀን የማታውቀው ልጅ ማር የሞላ ቅል አምጥቶ «ላንቺ ነው ተብያለሁ» አላትና በገበያተኛው መሐል ተሰወረ። በሳምንቱ ሌላ ልጅ፣ ሌላ ቅል። ከዚያም ሌላ።

ገበያው ሥራ አገኘ። ከደጋ ቡና ይዛ የወረደች የአሪ ሴት በጣቷ ጫፍ ቀመሰችና «ይሄ የእኛ አገር ማር ነው፤ ሰውዬው ቀፎ መስቀል ያውቅበታል» አለች። ከወይጦ በኩል የመጣ ጸማይ ጎረምሳ «ባለብዙ ቀፎ ቢሆን ነው እንጂ በየሳምንቱ ከየት ያመጣዋል?» አለ። ሁለቱም ልክ ነበሩ። ክርክሩ የከረረው «ለምን?» ሲባል ነው። አንዱ ልጅሽን ሊያጭ ነው አላት። ሌላው ሟቹ ባልሽ ሳይነግርሽ የቀረ የደም ነገር ይኖራል፣ ይሄ ካሳ ነው አለ። ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያልታወቀ ሰው ማር አይበላም» አላት። እሷ ያመነችው ይሄንን ነው። ቅሎቹን ወስዳ ማሩን ሳትቀምስ በቤቷ ጥግ ደረደረቻቸው፤ ልጆቿ ማር እያዩ ጾማቸውን አደሩ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ሽማግሌ ቤቷ መጣና የእንጨት መቀመጫውን፣ ቦርኮቶውን፣ አስቀምጦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። «ልጄ፣ የአባትሽ ታናሽ ወንድም ነኝ። ማሩን የላክሁት እኔ ነኝ።» በጉብዝናው ወደ አሪ ደጋ ወጥቶ እዚያው የቀረ፣ ሞቷል የተባለ አጎቷ ነው።

«ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልመጣህም?»

«ማሩ ሳይቀድመኝ ብመጣ ከብትሽን ልካፈል የመጣሁ ይመስልሽ ነበር።»

በዙሪያቸው የቆመው ሰው ሳቀ። አጎት ነኝ ያለ ሁሉ አጎት ነው? ሽማግሌው አንዱን ቅል አዙሮ በእሳት የተተኮሰበትን ጌጥ አሳያት። አባቷ በቅሎቹ ሁሉ ላይ የሚተኩሰው ጌጥ ነበር። ያን ሁሉ ሐሙስ ተሸክማው ሄዳለች፤ ያየችው ግን እሱ ከተናገረ በኋላ ነው። የዚያን ዕለት ማታ ቅሎቹ ተከፈቱ። ከሳቁት መካከል ግን እስከ ዛሬ ያላመኑ አሉ።

ማሩ የተናገረው ሐሰት አልነበረም። ሰጪ እንዳለ፣ ባለሙያ እንደሆነ፣ እንደማይሰለች ተናግሯል። የሰጪውን ልብ ግን ሊናገር አይችልም፤ ልብን የሚናገር ባለቤቱ ነው። እግዚአብሔርም በስጦታው የሚናገረውን የነገረ መለኮት መምህራን አጠቃላይ መገለጥ፣ ራሱ የሚናገረውን ልዩ መገለጥ ይሉታል። ጳውሎስ በልስጥራ ኮርማ ሊሠዉለት ለተነሡት አሕዛብ ሲናገር የነቢያትን መጽሐፍ አልጠቀሰም። ከሰማይ የሚወርደውን ዝናብና መከሩን ነው የጠቀሰው፤ እግዚአብሔር ራሱን ያለ ምስክር አልተወም ማለቱ ነበር (ሐዋ. 14)። እንግዲህ የባናና የሐመር ሽማግሌዎች በረከት ሰጪ የሚሉትን ባርጆን እየጠሩ ለዝናብ፣ ለከብትና ለልጅ ሲመርቁ ሰምቶ «ጨለማ ነው» ብሎ የሚያልፍ ሰባኪ ልስጥራን ዘሎ ያነበበ ነው።

ዝናቡ ይበቃል የሚለውም ቢሆን አያዋጣም። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች ምድር ከ300 በላይ ሰው ገደለ። ሣሩን የሚያበቅለውና ሕፃን የሚወስደው ውኃ አንድ ነው። ከእሱ ብቻ ስለ ላኪው ልብ የሚያነብ፣ ዘንድሮ ቸር ነው ይላል፣ ከርሞ ጨካኝ። የነገረ መለኮት ሊቁ ካርል ባርት በ1934 እ.ኤ.አ. ለሌላው ሊቅ ለኤሚል ብሩነር «አይሆንም!» ብሎ የመለሰለት ከተፈጥሮ ተነሥቶ እግዚአብሔርን ማወቅን ነበር። ለእኔ አበዛው፤ ማሩን ጨርሶ ደፋው። ስጋቱ ግን ከንቱ አልነበረም፤ የሴትየዋን ልጆች ያስራበው የሰዎች ግምት ነውና።

የዕብራውያን መልእክት ሲጀምር ሁለቱን ዘመን ያስተያያል፤ አስቀድሞ በብዙ ዓይነት በነቢያት፣ በኋላ በልጁ። የእኛም የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከጥር 11 ጀምሮ ያለውን ወቅት ዘመነ አስተርእዮ ብላ የምታከብረው ዮርዳኖስ ላይ የታየ አካል፣ የተሰማ ድምፅ ስላለ ነው። በቅሉ ላይ ያለው ጌጥ የታየው ሽማግሌው ከተናገረ በኋላ እንደሆነ ሁሉ፣ የኤማሁስ መንገደኞችም ሙሴንና ነቢያትን የተረዱት ክርስቶስ ራሱ ሲተረጉምላቸው ነው።

ወደ ቀይ አፈር ለስብከት የምትወርድ ወንድሜ፣ እባክህ ሐሙስ ውረድ። መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ስለ ዝናብ ሰጪው የሚሉትን ጨርሰው እስኪነግሩህ ስማ፤ ከዚያ ስለ ልጁ ንገራቸው።