ጠባቂ ለሚጠብቀው ሕዝብ ሒሳብ ስለ መስጠቱ

እረኛ ማታ ከብቱን ወደ በረት ሲያስገባ ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ ይቈጥራል። እረኛው በዚህ አይቀየምም፤ ቢቀየምም ቈጠራው አይቀርም። ዛሬ ልጽፍበት ያሰብሁት ነገር ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም፤ ይኸውም ሕዝብን እንዲጠብቅ የተሾመ ፖሊስ የሠራውንና ሊሠራ ያልቻለውን ለዚያው ሕዝብ የመንገር ግዴታ አለበትን? የሚል ጥያቄ ነው።

በእኛ በጎጃም ደጋ ጥያቄው ከፖሊስ በፊት ነበረ። በሬ ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል፥ አድራጊውም ሲሰወር፥ የአገሩ ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር፤ ሸዋዎች አፈርሳታ የሚሉት ነው። ሁሉም እየማለ የሚያውቀውን ይናገራል፤ ወንጀለኛው ካልታወቀ አገሩ በሙሉ ዕዳውን ይከፍላል። በዚህ ሥርዐት ብዙ ግፍ ነበረበት። ገበሬው በእርሻ ወራት ሥራ ፈትቶ ይጕላላል፥ ንጹሑም ከበደለኛው ጋራ ይቀጣል። ስለዚህ እንዲመለስ አልመኝም። ነገር ግን አንድ ቁም ነገር ነበረበት፤ የተናገረው ሕዝብ የነገሩን መጨረሻ እዚያው ሜዳ ላይ ይሰማ ነበር።

በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ ዐዋጅ ከወጣ ወዲህ ግን ነገሩ ቀስ በቀስ የወረቀት ሆነ። አቤቱታው በመዝገብ ይጻፋል፤ ተደምሮም ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ወደ ደብረ ማርቆስ፥ ወደ ዞኑ መምሪያ፥ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። ሲወጣ እናውቃለን፤ ሲወርድ ግን እምብዛም አናይም። በእርግጥ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን «ፖሊስና እርምጃው» የሚባል ጋዜጣ ይታተም ነበር፤ በኋላም ሬዲዮና ቴሌቪዥን መጡ። ሆኖም በእነዚህ አብዝቶ የሚነገረው የተያዘው ሌባ ነው እንጂ ያመለጠው አይደለም። በየቀበሌው ፖሊስ ተመድቦ ከነዋሪው ጋራ የሚመክርበት፥ ማኅበረሰብ አቀፍ የተባለው አሠራርም መልካም ነው፤ ግን በስብሰባው ላይ ሕዝቡ እንዲናገር ይለመናል እንጂ የተናገረው የት እንደ ደረሰ አይነገረውም።

ሕጉ እንኳ ከእኛ ልማድ ቀድሞ ሄዷል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በዓንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል፤ አዋጅ ቍጥር 590/2000ም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለ ሥራው ሳይጠየቅም እንዲያሳውቅ ያዛል።

ይህን ሁሉ ለአንድ ሽማግሌ ወዳጄ ባጫውታቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፥ ዘበኛ የተኛበትን ሰዓት ለሌባ አይነግርም» አሉኝ። ነገሩ እውነትነት አለው፤ ምርመራው ሳያልቅ የሚወራ ምስጢር ምስክሩን ያስገድላል። ነገር ግን ሌባውማ እንዳልተያዘ አስቀድሞ ያውቃል፤ የማያውቀው ባለ በሬው ነው።

ከዚህ የሚከብደው የቍጥሩ ነገር ነው። በአንድ ወረዳ አምና አምስት ስርቆት ዘንድሮ ዐሥር ተመዘገበ ቢባል ሌብነት በዛ ማለት ነውን? ምናልባት ሕዝቡ ፖሊሱን ማመን ጀምሮ ይሆናል። በአገራችን ስንት ነገር በሽምግልና ያልቃል! ስንቱስ ደም በቂም ተይዞ መዝገብ ሳያየው ይኖራል! በፈረንጆች አቈጣጠር በ1827 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት የወንጀልን ቍጥር በየዓመቱ ማሳተም ሲጀምር፥ ያንን ቍጥር የመረመረው የቤልጅግ ሊቅ ኬትሌ የታወቀው ወንጀል ካልታወቀው ስንት እጅ እንደ ሆነ ማንም እንደማያውቅ አስጠንቅቆ ነበር። ስለዚህ እውነተኛ ፖሊስ «ይህን ያህል ወንጀል ተሠራ» አይበል፤ «ይህን ያህል አቤቱታ ደረሰኝ» ይበል። ቍጥሩ ስላነሰለት ብቻ የሚመሰገን ሹም ከሳሹን «ሂድ፥ ታረቅ» ብሎ መመለስን ይለምዳል፤ ያን ጊዜ ወረቀቱ ሰላም ሲሆን አገሩ ይታመማል።

ስምስ? እዚህ ላይ እኔ ከወዳጄ የባሰ ጠንቃቃ ነኝ። የተጠረጠረ ሰው ፊቱ ለሕዝብ ከታየ በኋላ ፍርድ ቤት ነጻ ቢለቀው፥ መለቀቁን የሚያውጅለት የለም። በገጠር ደግሞ ስሙ ለልጆቹ ይተርፋል፤ «የሌባ ዘር» ተብሎ ጋብቻ ይከለከላል። ስም ባይጠራም እንኳ ነገሩ አያበቃም። «በዚህ ጎጥ ባለፈው ወር አንዲት ልጅ ተደፈረች» ብሎ በገበያ መናገር ልጅቱን በጣት ማሳየት ነው፤ መንደሩ ትንሽ ሲሆን ቍጥር ራሱ ስም ነው። እንዲህ ያለው በወረዳ ወይም በዞን ተደምሮ ይነገር፤ የበሬው ስርቆት ግን በየጎጡ ቢነገር ማንንም አይጐዳም።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን ጦርነት ከተነሣ በኋላ ጥያቄው ይበልጥ ከባድ ሆነ። ሌሊት ተኵስ የሰማ ሰው ሲነጋ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ወሬ ነው፤ ወሬም በአንዱ ቤት አንድ ሰው፥ በሌላው ቤት ዐሥር ሰው ይገድላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ዝም ማለት ይሻላል የሚሉ አሉ። እኔ ግን ሹም ዝም ባለበት ቦታ ሐሰተኛው ብቻውን ይናገራል ባይ ነኝ።

ለወዳጄም የምመኘውን ነገርኋቸው። በወር አንድ ቀን፥ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ ወይም በገበያ ቀን፥ የፖሊሱ ሹም ቆሞ ያንብብ፤ ስንት አቤቱታ እንደ ደረሰው፥ ስንቱን ለዐቃቤ ሕግ እንዳስተላለፈ፥ ስንት ከብት ለባለቤቱ እንደ ተመለሰ፥ ስንቱ ነገር እስከ ዛሬ እንዳልታወቀ፥ በመጨረሻም በራሱ በፖሊሱ ላይ ስንት አቤቱታ እንደ ቀረበ። ወዳጄ ይህን የመጨረሻውን ሲሰሙ ሣቁ። «ይህንንስ ራሱ ያነብበዋል?» አሉኝ። «እርሱን እንኳ ሌላ ሰው ያንብበው» ብዬ መለስሁላቸው።