ሳይወለዱ የተራቡ

ስለ 1977ቱ ረሃብ ሲወራ የሚነሡት ሁለት ወገኖች ናቸው፤ የሞቱትና የተረፉት። ሦስተኛው ወገን ብዙም ትዝ አይለንም። እነዚህ ያኔ በእናታቸው ሆድ የነበሩ ናቸው። ለእርዳታ ስንዴ አልተሰለፉም፣ ቀዬ ለቀው ሲወጡ ዞር ብለው አላዩም። ታዲያ ረሃቡ ደርሶባቸዋል ማለት ይቻላል? ነገሩ የሕክምና ብቻ ቢሆን ለሐኪም ትተነው በሄድን። ውስጡ ግን ሌላ ጥያቄ አለ፤ ሰው ገና «እኔ» ሳይል የደረሰበት ነገር የማን ታሪክ ነው? የእሱ ወይስ የእናቱ?

አንዲት ሴት በሐሳብ እንፍጠር። እናቷ ወሎ ውስጥ ፀነሰቻት። ደርግ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜኑና ከመሀሉ አገር አንሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር፣ እናትየውም ሆዷን ይዛ መኪና ላይ ወጣች። የደረሰችበት አሶሳ ከዚያ በፊትም ሰፋሪ የሚያውቅ አገር ነው፤ ዛሬም በቁጥር የሚጠሩ አምባዎች አሉት። ልጅቱ ከእነዚህ አምባዎች በአንዱ ተወለደች እንበል። አሁን አርባ ዓመት ሆኗታል። ማሽላና በቆሎ ታመርታለች፣ በወቅቱ ማንጎ ገበያ ታወጣለች። ከሲታ ናት። ውኃ ጥሙና የሽንት መመላለሱ ሲበዛባት ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ጣቷን ተወግታ ደሟ ሲለካ ስኳር ተገኘባት። «ስኳር የሀብታም በሽታ አይደል እንዴ? እኔ ምን በላሁና!» ብትል ማን ይፈርድባታል?

ምናልባት መልሱ ያለው ከበላችው ሳይሆን ካልተበላው ነው። ያልበላችውም እሷ ሳትሆን እናቷ ናት።

የእናትና የፅንስ ደም አይቀላቀልም። መካከላቸው እንግዴ ልጅ አለ፤ ሲወጣ ግማሽ ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ በብዙ ቦታ ጓሮ ተቆፍሮ የሚቀበር፣ ከዚያ በኋላ ማንም የማያነሣው። ሥራው ምግብ ማሳለፍ ብቻ ይመስለናል እንጂ ራሱም ሆርሞን ያመነጫል። ላክቶጅን የሚባለው ሆርሞኑ የእናቲቱ ሰውነት ለኢንሱሊን እንዳይታዘዝ ያደርጋል፤ እሷ ያልተጠቀመችበት ስኳር ደሟ ውስጥ ይቆይና ወደ ፅንሱ ይሻገራል። የእናቲቱ ኢንሱሊን ግን አይሻገርም፤ ልጁ የመጣለትን ስኳር በገዛ ቆሽቱ ማስተናገድ አለበት። የዝግመተ ለውጥ ሊቁ ዴቪድ ሄግ እ.ኤ.አ. በ1993 ይህን ግንኙነት ጭቅጭቅ ያለበት አድርጎ ገለጸው፤ ፅንሱ ይበልጥ እንዲሰጠው ይገፋል፣ እናት ደግሞ ለራሷና ለሚመጡት ልጆቿ ታስቀራለች። ቅዱስ የሆነውን የእናትነት ሥዕል እንዲህ መንካቱ ደስ አይል ይሆናል፤ ግን እናትን እንደ ጎተራ ሳይሆን የራሷ ሕይወት እንዳላት ሰው የሚያይ ነውና እኔ እወደዋለሁ።

እናት ስትራብና ስትጨነቅ ሌላ ሆርሞን ይገባል፤ ኮርቲሶል። በጤናው ቀን እንግዴ ልጁ ውስጥ ያለ ኢንዛይም አብዛኛውን ኮርቲሶል እያከሸፈ ፅንሱን ይጠብቀዋል። ፕሮቲን ያነሰው መኖ በበሉ እርጉዝ አይጦች ላይ ግን ይህ ጠባቂ ሲዳከም ታይቷል። ያን ጊዜ የእናት ጭንቀት ልጁ ጋ ይደርሳል፤ የስኳርና የደም ግፊት አያያዙንም ያዛባዋል። ምግብ ያነሰው ፅንስ ያለችውን ወደ አንጎሉ ያዞራል፤ የሚጎዱት ቆሽትና ኩላሊት ናቸው። በቆሽቱ ኢንሱሊን የሚያመነጩት ሕዋሳት ቁጥራቸው አንሶ ይወለዳል፤ ጉድለቱ የሚታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ለሰፈራ አሶሳና ፓዌ የወረዱት ደገኞች ደግሞ ከረሃቡ ሌላ ወባ ጠበቃቸው። የወባ ተሕዋሲ እንግዴ ልጁ ውስጥ ይከማቻል፤ ምግብ ማሳለፉን ያውካል፣ ልጁም ክብደቱ አንሶ ይወለዳል።

እንግሊዛውያኑ ሄልስና ባርከር በማኅፀን የተጎዳ ሰው በኋላ ለስኳር በሽታ ይጋለጣል የሚለውን ሐሳብ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። አንዱ ዋና ማስረጃ የመጣው ከኔዘርላንድ ነው፤ ናዚዎች እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 ክረምት ባስራቡት ሕዝብ ውስጥ ፅንስ የነበሩት፣ ሃምሳ ዓመት ሲሞላቸው ስኳርን የመቆጣጠር አቅማቸው ተዳክሞ ተገኘ። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የራያ ቆቦ ጥናት፣ የ1977ቱ ረሃብ በማኅፀን ሳሉ የደረሰባቸው ሰዎች ለደም ግፊትና ለስኳር ለሚዳርጉ የተደራረቡ ችግሮች ይበልጥ እንደሚጋለጡ አሳይቷል። ከዚያ ቀደም ብሎም ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ጎንደር ላይ ከገጠር የሚመጡ፣ ድሆች፣ ቀጫጭኖች፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን እያዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ጠንከር ያለ ጥያቄ አቀረቡ፤ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው የስኳር በሽታ ጉዳይ እንደገና መከፈት የለበትም ወይ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ያወቀውን ይህን ዓይነት በ1999 ከመዝገቡ ሰርዞት ነበር። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 «ዓይነት 5» ብሎ መለሰው። በሽታው በመካከሉ የትም አልሄደም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያዘናጋ አነጋገር አለ። አንዳንድ ሊቃውንት ፅንሱ በእናቱ ሆርሞን በኩል የውጭውን ዓለም «ይተነብያል» ይላሉ፤ ረሃብ ይጠብቀኛል ብሎ ቆጣቢ ሰውነት ይሠራል፣ ከዚያ ጥጋብ ሲገጥመው ይታመማል። ውብ ሐሳብ ነው፤ እኔን ግን አያሳምነኝም። መተንበይ ምርጫ ላለው ነው። ለዛሬ ለመትረፍ ሲል ቆሽቱን የሠዋ ፅንስ ስለ ነገ ያሰበው ነገር የለም። ደግሞ የእኛዋ ሴት መቼ ጠገበች? ረሃቡን የትንቢት መምህር ስናደርገው የሌለውን ጥበብ እንሰጠዋለን፤ ጥፋቱም በትንበያ ስሕተት ስም ይሸፈናል።

ስቴፋን ደርኮንና ካትሪን ፖርተር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናት ይህን ሳስብ አብሮኝ አለ። የ1977ቱ ረሃብ ሲከፋ ከ12 እስከ 36 ወር የነበሩት ልጆች ሲያድጉ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር አጥረው ተገኙ። በማኅፀን የነበሩት ግን ጎላ ያለ ልዩነት አላሳዩም። ደስ ከማለታችን በፊት ተመራማሪዎቹ አንድ ነገር ያስታውሱናል፤ ደካሞቹ ሞተው የተለኩት ጠንካሮቹ ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። የተለካው ቁመት የተረፈው ሰው ቁመት ነው።

ዴሬክ ፓርፊት የተባለው እንግሊዛዊ ፈላስፋ፣ ረሃቡ በገነነበት በ1984 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ያነሣው እንቆቅልሽ እዚህ ይገባል። ሰፈራ ላይ ተዋውቀው የተጋቡ ሰዎች ልጅ ረሃቡን ልትወቅስ ትችላለች? ረሃቡ ባይኖር ወላጆቿ አይገናኙም፣ እሷም አትኖርም። የእኛዋ ሴት ግን ከዚህ ትለያለች፤ ከመፈናቀሉ በፊት ተፀንሳለች፣ የደረሰባት የደረሰው በእሷው ላይ ነው። እርግጥ ነው፣ ከሆርሞኑ በፊት ሙሉ ሆና የተቀመጠች፣ በኋላ የተዘረፈች «እሷ» አልነበረችም። ሰውነቷ የተሠራው በዚያው ጊዜ ነው። ቢሆንም ዕዳው አይሰረዝም፤ መርፌውን ዛሬ የምትወጋው ራሷ ናትና።

ዕዳው የማን ነው? «የእናት ሆርሞን ልጁን ይቀርፃል» ሲባል ጣት ወደ እናት ይዞራል። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው እንላለን፤ ዥንጉርጉር ያደረገውን ግን አንጠይቅም። በብዙ ገጠር ነፍሰ ጡር ወተት፣ እንቁላልና ማር እንድትተው ይነገራታል፤ ልጁ ይገዝፍና ምጡ ይጠናባታል ይባላል። ኋላ ቀርነት ብለን እናልፈዋለን። አምቡላንስ በማይገባበት፣ ቀዶ ሕክምና የአንድ ቀን መንገድ በሆነበት ቦታ የገዘፈ ልጅን መፍራት ግን ሞኝነት አይደለም፤ የተከለከለውን ምግብ ወደ ኋላ ብንከተለው የምናገኘው ያልተሠራ መንገድ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ባለ ቀለሙን የፕላስቲክ መለኪያ በነፍሰ ጡሯ ክንድ መሀል ትጠመጥማለች፤ ከ23 ሳንቲ ሜትር ካነሰ የምግብ እጥረት ተብሎ ይመዘገባል። የሚለካው የእናቲቱ ክንድ ነው። የተሸከመችው እንጨት፣ ያደረችበት ስጋት፣ ዘንድሮ ያልዘነበው ዝናብ መለኪያ የላቸውም።

ተቃራኒውም እውነት ነው፤ በጎ ነገርም በእናት በኩል ለልጁ ይደርሳል። ፅንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት የታይሮይድ ሆርሞን የሚያገኘው ከእናቱ ነው፤ ለዚያ ደግሞ አዮዲን ያስፈልጋል። እንቅርት አሶሳና ፓዌ በሚገኙበት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በተለይም በመተከል፣ የቆየ ችግር ነው። መንግሥት በ2003 ዓ.ም. ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ ደንብ አውጥቶ ሲያስገድድ፣ አዲስ አበባ ስብሰባ ላይ የተወሰነ ነገር በወጥ በኩል አልፎ የእናት ሆርሞን ሆነ። ማኅፀን ከፖለቲካ የተከለለ ቦታ አይደለም። ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ሆርሞኑ መልእክተኛ እንጂ ላኪ አይደለም፣ እናቲቱም ላኪ አይደለችም። ላኪው እርሻው፣ መንገዱ፣ ወባው፣ የሰፈራው ትእዛዝ ነው።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በዚሁ ክልል በካማሺና በመተከል በደረሰው ግጭት ብዙ ሰው ተፈናቅሏል፤ በመካከሉም ነፍሰ ጡሮች ነበሩ። ጤና ባለሙያ የሆንህ ወንድሜ፣ የሆንሽ እህቴ፣ በልጁ ካርድ ላይ ክብደትና ክትባት ስትጽፉ እናቱ በእርግዝናዋ ወቅት የት እንደነበረችና ምን እንዳገኛት አንድ መስመር ጨምሩ። ቀጭን ሰው ስኳር ይዞት ሲመጣም የተወለደበትን ዓመትና ቦታ ጠይቁ። በ2013 ዓ.ም. መጠለያ ውስጥ የተወለደው ልጅ ትምህርት ቤት የሚገባበት ዕድሜ እየደረሰ ነው።