ፍየል ገበያና መድኃኒት ቤት

ከይፋት ቆላ ፍየል እየነዳ ደብረ ሲና ገበያ የሚወጣ ሰው ዋጋ ይከራከራል። ገዢውም ወገቧን ይዳብሳል፣ ጥርሷን ያያል፤ ካልተስማማው ትቷት ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ነጻ ገበያ አልቃወምም። ግን ፍየሏ የተሸጠችው ልጅ ለማሳከም ከሆነስ? ሻጩ ልጁን ይዞ ክሊኒክ ሲገባ የሚያስፈልገውን የሚነግረውም፣ ያንኑ የሚሸጥለትም አንድ ሰው ነው። ልጁ ትንፋሽ አጥሮታልና ትቶ መሄድ አይችልም።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ኬኔት አሮው በ1963 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ተንትኖ ነበር፤ በሽተኛው የሚገዛውን አያውቅምና ሐኪሙ እንደ ነጋዴ እንዲሆን አይጠበቅም፣ ምክሩም ከጥቅሙ የተለየ መሆን አለበት።

ታዲያ ሕክምናን ከገበያ እናውጣ ልበል? እዚህ ላይ እጠራጠራለሁ። በደርግ ዘመን የግል ሕክምና ክፉኛ ተገድቦ ነበር፤ አብዛኛው ገጠር ግን ያለ ሐኪም ኖረ። ዛሬም የመንግሥት ጤና ጣቢያ መድኃኒት ሲያልቅበት «ከውጭ ግዙ» ይላል። ውጭ ያለው ነጋዴ ነው። ለትርፍ ብሎ ያመጣው መድኃኒት ልጁን ያድነዋል፤ ይህን መካድ አልችልም። ሐኪሙንስ ምን እለዋለሁ? በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን አያኖረንም ብለው ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል። ምክሩን ከኪሱ ለይ ልለው እችላለሁ፤ ተራብ ልለው ግን አልችልም።

ስለዚህ ክፋቱ ከትርፉ ይልቅ የሚከፈልበት ቀን ላይ ይመስለኛል፤ ሰው በሚታመምበት ቀን አቅም የለውም። ለዚህ የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዷ በደብረ ሲና በሚያልፈው በደሴ መንገድ ወደ ሰሜን የምትገኘው ተሁለደሬ ነበረች። ገበሬው ምርቱን ሰብስቦ፣ ቤተሰቡ ጤና ሳለ ያዋጣል፤ ለድኻ ድኻው መንግሥት ይከፍልለታል። ያኔ አስቦ መክፈል ይቻላል። ግን መድን የከፈለውም ሰው «ከውጭ ግዛ» ሲባል ሁለተኛ ፍየል ይሸጣል፤ ከሁሉ የሚያስቆጣኝ ይህ ነው፤ ቃል ተገብቶለት ነበርና።

መድኑ ራሱ ከግል መድኃኒት ቤቶች ጋር ዋጋ ተደራድሮ ይዋዋል እላለሁ፤ በሽተኛው ብቻውን ከሚከራከር መድኑ ብዙዎችን ወክሎ ይከራከርለት። ነጋዴው ከፋዩ ሩቅ ነው ብሎ ዋጋ ቢቆልልስ፣ የገበሬው መዋጮስ እስከ መቼ ይበቃል? ይህኛውን ገና አልፈታሁትም።